የጨረስኩት ባትሪ

በደርግ ጊዜ፣ ሰባዎቹ አጋማሽ ላይ የሆነ ነው። ዛሬም መኪና አልነሳ ብሎ ሲንተፋተፍ ከሰማሁ መንገድ ቀይሬ እሄዳለሁ።

ያኔ የአንድ የክትባት ቡድን ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። ከጂንካ ወደ ሐመሮች አገር፣ ወደ ቱርሚ ወርደናል። የመገናኛ ሬዲዮዋ የራሷ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ በሁለት ሽቦ ከላንድሮቨሩ ባትሪ ጋር እያገናኘሁ ነበር የምሠራባት። ሾፌራችን ጋሽ ወልዴ ረጋ ያለ ሰው ነው። ዘወትር፣ "ሞተር ሳይነሳ ሬዲዮዋን ከፍተህ አታቆያት፤ ባትሪውን ትጨርስብኛለህ" ይለኛል።

የዚያን ቀን እሱና የቡድኑ ነርስ የመድኃኒቱን ሳጥን ይዘው ገበያ ሄዱ። እኔ አሸዋማው ወንዝ ዳር፣ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። የጠዋቱን መልእክት ካስተላለፍኩ በኋላ ማጥፋት ነበረብኝ። ጂንካ ያለው ኦፕሬተር ግን ጓደኛዬ ነው፤ ስለ ኳስ፣ ስለ ሰው ወሬ ያዝን። ከሰዓት በላይ አወራን። በመጨረሻ ድምፁ እየደከመ ጠፋ። ባትሪው ቢያልቅም መኪናው ተገፍቶ ይነሳል ብዬ ሽቦውን ነቀልኩ።

እኩለ ቀን ላይ፣ እነ ጋሽ ወልዴ ከገበያ እንደተመለሱ፣ ሰዎች ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን የሆናት አንዲት የሐመር ሴት በቃሬዛ አመጡ። ነርሱ አያትና "አሁኑኑ ጂንካ" አለ። ጋሽ ወልዴ ቁልፉን ቢያዞር መኪናው አልነሳ አለ። ሌላ መኪና እንዳንጠራ ሬዲዮዋም አትሠራም። ተሰብስበን ብንገፋ ጎማው አሸዋው ውስጥ ይሰምጣል። የሴትየዋ ወንድም አብሮን እየገፋ፣ "መኪና አለ። ለምን አይሄድም?" ይላል። እኔን ነበር የሚያየው።

ከአሸዋው አውጥተን ስናስነሳው ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሴትየዋ ጂንካ ሳንደርስ አረፈች። ጭንቅላቷ ወንድሟ ጉልበት ላይ ነበር።

በሳምንቱ የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ላይ ኃላፊያችን፣ "ባትሪውን ማን ጨረሰው?" ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ወልዴ ወደ እኔ ዞረ። ጠበቀኝ። እኔ አቀረቀርኩ።

"መኪናው በእኔ እጅ ነበር" አለ በመጨረሻ።

ከሥራ አባረሩት። ከወራት በኋላ በገዘር ከተማ ገበያ፣ ከጭነት መኪና ላይ በቆሎ ሲያራግፍ አገኘሁት። "ደህና ነህ ወይ?" ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። ይቅርታ ለማለት አፌን ከፍቼ ስለ ዝናቡ አወራሁ።

እሱ ከሞተ ቆይቷል። እኔም ራሴን እንደናቅሁ አረጀሁ። ልጆቹ ሲያገኙኝ "የአባታችን ባልደረባ" ብለው ከወንበር ይነሱልኛል። እቀመጣለሁ። እስካሁን አልነገርኳቸውም።