ፔጆዋ ላይ ያረፈ ብናኝ

ባለፈው ሳምንት አዳማ መሀል ከተማ አቁሜያት የዋልኩትን መኪናዬን ልከፍት ስል፣ የበሯ ቆርቆሮ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰበት ያህል መዳፌን ሻከረው። ቀና ብዬ ባይ፣ አጠገቤ ባለው አዲስ ፎቅ ሰገነት ላይ የብረት ቀለም ሲረጩ ውለዋል፤ የቲነሩ ሽታ ገና ከአየሩ አልወጣም፤ ነፋሱም እንደ ልማዱ የተረፈውን ቀለም ተሸክሞ ወደ እኔ አምጥቶታል። መናደድ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን እዚያው ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ መዳፌን በቆርቆሮው ላይ አመላለስኩት፤ ያንን ሻካራ ነገር ጣቶቼ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ያውቁታልና።

ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት። አባቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ አንዲት ጥቁር ሰማያዊ ፔጆም ነበረችው። ጠዋት ጠዋት በለስላሳ ጨርቅ ሲወለውላት እናቴ፣ በናዝሬት አቧራ መኪና ማጽዳት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው እያለች ትስቅበታለች። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ከመቂ የመጡት ቀለም ቀቢ ጋሽ ቶላ ይኖሩ ነበር፤ የሰፈሩ የብረት በር፣ አልጋና መስኮት ሁሉ በእሳቸው እጅ አልፏል። አባቴን ሲያገኙት በአማርኛ «እንደምን አደሩ» ይሉታል፤ እሱ ደግሞ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» ይላቸዋል፤ አንዱ በሌላው ቋንቋ ሰላም ሊል የተማማሉ ይመስል በየማለዳው እንዲሁ ነበር።

ቅዳሜ የጋሽ ቶላ ኮምፕሬሰር መጮህ ሲጀምር እኔን ቤት ውስጥ የሚያስቀምጠኝ አልነበረም። ከመርጫው አፍ ብርማው ቀለም እንደ ጭጋግ ሲወጣ፣ ከፊሉ በሩ ላይ ሲቀር ከፊሉ አጥር ዘሎ ሲሄድ አያለሁ፤ የሄደው የት እንደሚደርስ መጠየቅም አይሰለቸኝም። ጋሽ ቶላ፣ ርቆ የሄደ ቀለም አየር ላይ ደርቆ አቧራ ይሆናል፣ አቧራን ደግሞ ጨርቅ ያነሳዋል ይሉኛል። የራሳቸውን ግቢ አግዳሚ ወንበር በእጃቸው ጠርገው ንጹሕ መሆኑን አሳይተውኛል።

አንድ እሑድ ግን የፔጆዋን ጣሪያ ስዳስስ እንደ ድመት ምላስ ሻከረኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የመርፌ ጫፍ በሚያህሉ ብርማ ነጥቦች ተሞልታለች። ሮጬ ገብቼ መኪናዋን ኩፍኝ ይዟታል ብዬ ተናገርኩ፤ እናቴ ሳቀች፣ አባቴ አልሳቀም። ጨርቁን በቲነር ነክሮ በነዳጅ መክደኛው አጠገብ አንድ ቦታ ቢሞክር ነጥቦቹ ከነሰማያዊው ቀለም አብረው ተነሡ፤ ያ የደበዘዘ ምልክት እስከ መጨረሻው አልጠፋም። ተበሳጭቶ ወደ ጋሽ ቶላ ሄደ። እሳቸው ቀለማቸው ሁለት ቤት ተሻግሮ ሊጣበቅ እንደማይችል በቅንነት ነገሩት፤ እሱ ግን ዓይኔ እያየ ዋሹኝ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጋቸው። ጠዋት ሲያዩት ሰላምታቸው አፋቸው ላይ ቀረ፤ እኔም ወደ ግቢያቸው ዝር እንዳልል ተከለከልኩ።

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም የሚዋሹ ሰዎች አልነበሩም። ታዲያ ነጥቦቹ ከየት መጡ? በሦስተኛው ቅዳሜ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ የእናቴን ሁለት ጥቁር የሻይ ትሪዎች አወጣሁ። አንዱን ፀሐይ ያጋለው የፔጆዋ ጣሪያ ላይ፣ ሌላውን እዚያው አጠገብ ዘይቱን ዛፋችን ጥላ ሥር አስቀመጥኩና ማታ ድረስ ጠበቅሁ። በሁለቱም ላይ ብርማ ብናኝ አርፏል። የጥላውን በጨርቅ ስጠርገው ወለል ብሎ ጸዳ፤ የፀሐዩ ግን ንቅንቅ አላለም። ቀለሙ እውነትም ደርቆ ነው የሚመጣው፤ የጋለ ብረት ሲያገኝ ግን መልሶ ይለሰልስና ይጣበቃል ማለት ነው።

ትሪዎቹን ይዤ የሄድኩት ግን ወደ አባቴ አልነበረም። ጋሽ ቶላ ሁለቱንም ተቀብለው በአውራ ጣታቸው አሹ፣ እንደገና አሹ።

«አባትሽ አይቶታል?»

«አላየም። መጀመሪያ ለእርስዎ ነው ያመጣሁት።»

ራሴን ዳበስ አደረጉኝና፣ ሠላሳ ዓመት ስረጭ ያላየሁትን አሳየሽኝ ብለው ወደ ቤት ሸኙኝ።

በማግስቱ ጠዋት ነጭ ጋዝ በጠርሙስ፣ የሳሙና ውሃ በባልዲና አሮጌ ፍላኔል ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። ትሪዎቹን ለአባቴ ሰጥተው ቀለሙ የእኔ ነው፣ የጋለ ብረት ላይ እንደሚጣበቅ አላወቅሁም ነበር አሉት። አባቴ ትሪዎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። ፔጆዋን ጥላ ውስጥ ገፍተን አቀዘቀዝናት። ጋሽ ቶላ ጨርቁን በነጭ ጋዝ አርሰው የመዳፍ ስፋት በሚያህል ቦታ ላይ ያሳርፉታል፤ ነጥቦቹ እስኪለሰልሱ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በጥፍራቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ ያነሷቸውና በሳሙና ውሃ ያጥቡታል። አባቴ ቸኩሎ ሲፈትግ እጁን ያዙት።

«ቀስ ይበሉ፤ የምናስወጣው እንግዳውን ነው፣ ባለቤቱን አይደለም።»

አባቴ ሳያስበው ሳቀ። ሲመሽ ጣቶቻችን ተጨማደው፣ ልብሳችን ነጭ ጋዝ ጋዝ እየሸተተ፣ ፔጆዋ እንደ ዱሮዋ ለሰለሰች። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ቶላ ኮምፕሬሰራቸውን ሳያስነሱ በፊት በየበሩ እየዞሩ ያስጠነቅቁ ነበር፤ ሴቶቹ ልብስ ከገመድ ያወርዳሉ፣ አባቴ መኪናዋን ይሸፍናል፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ያውቃል።

ዛሬ በዚያ ሰፈር የሁለቱም ቤቶች የሉም፤ ዘይቱኑም ተቆርጧል፤ ነፋሱን ቆም ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላውቅም። ጋሽ ቶላ በስተርጅና ልጆቻቸው ዘንድ መቂ ገቡና እዚያው አረፉ። ለቅሶው ላይ በምርኩዝ የሚሄደውን አባቴን ደግፌ ወሰድኩት። ድንኳኑ ውስጥ በሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጦ የፔጆዋን ታሪክ በተሰባበረ ኦሮምኛው አንድ በአንድ ነገራቸው፤ እነሱም ስለ ትሪዎቹ ሲሰሙ ዞር ብለው እኔን አይተው ፈገግ አሉ። እኔ ታሪኩ በእርቁ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን ምርኩዙን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ በአማርኛ ጨመረ።

«ሦስት ሳምንት ዘጋሁት። ጎረቤቴ ሆኖ፣ በየቀኑ እያየሁት፣ ሦስት ሳምንት። ዛሬ አንዷን ጠዋት እንኳ ማን ይመልስልኛል?»