አዲስ ቅዳም ሳይደርስ የሚቆመው ሞተር

ሞተሩን የገዛሁት የመጨረሻዋ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ከገባች ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። እኔ እንጅባራ፣ የድሮ ሰዎች ዛሬም ቆሰበር በሚሏት ከተማ፣ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ከቤታችን ጋር የተያያዘች፣ በሯ ወደ መንገድ የሆነ ትንሽ ሱቅ አላት፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ክብሪት ትሸጣለች። ልጆቹ ቤት እያሉ ጫጫታቸው ስለሚሸፍነን እኔና እሷ መነጋገር መተዋችን አልታወቀንም ነበር። ተጣልተን አይደለም። መብራት ሄደ፣ ውሃ መጣ፣ ልጁ ደወለ እንባባላለን፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ ግን የለንም። የመጨረሻዋ ስትሄድ ራት ላይ የሚሰማው የሁለታችን የማላመጥ ድምፅ ብቻ ሆነ። እሱን ላለመስማት ሬዲዮ የምከፍትበት ቀን ነበር።

በዚህ መሐል አንድ የሥራ ባልደረባዬ ባሕር ዳር የሚሸጥ ሞተር እንዳለ ነገረኝ። እዚህ መንደር ለመንደር የሚሯሯጠው ዓይነት ሞተር አይደለም። አገር ለመዞር የተሠራ፣ ሰፊ ወንበር ያለው፣ ፊቱ ላይ ነፋስ የሚከለክል መስታወት የተገጠመለት፣ ከኋላው ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ሣጥን የተሸከመ ትልቅ ሞተር ነው። ሞተር መንዳት ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ወሬውን ከሰማሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው በሞተር ምክንያት እንቅልፍ ሲያጣ ለማንም አይነገርም።

ለባለቤቴ የነገርኳት ስኳር እየመዘነች ሳለች ነው። ቀና ሳትል «ያሻህን አድርግ» አለችኝ። እኛ ቤት ይኼ ቃል ከእምቢታ ይከብዳል። ያንን እያወቅሁ እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

ሻጩ አስጎብኚ ነበር። ሥራው ቀዝቅዞበታል፤ ሞተሩ ቆሞ ከሚዝግ የሚነዳው ሰው ይውሰደው ብሎ ነው። ሐይቁ ዳር ሁለት ጊዜ አዞረኝ፤ ምንም እንከን አላየሁም። ቁልፉን ሊሰጠኝ ሲል ሰልባትዮውን፣ ማለት ቤንዚን የሚቀመጥበትን ሆዱን፣ በእጅጌው ወለወለው። አመሉንም አልደበቀኝም። የቤንዚኑን መጠን የሚያሳየው ቆጣሪ አይሠራም፤ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ክዳኑን ከፍቶ ማየት ነው። ጭቃ ሲነካው ደግሞ ማርሽ ሲያስገቡለት ይጠፋል። «ሩቅ ሲሄድም አንዳንዴ ይደክመዋል» አለኝ፤ «ትንሽ ካረፈ ይነሣል። እኔ ለምጄዋለሁ።»

ከባሕር ዳር እንጅባራ አራት ጊዜ ደከመው። ሲደክመው መጀመሪያ ይንተባተባል፣ ከዚያ ጉልበቱ እየከዳው ይሄድና ጭጭ ይላል። ወርጄ ቤንዚን ያለቀ መስሎኝ ክዳኑን ከፍቼ አያለሁ፤ ቤንዚኑ አለ። እዘጋለሁ፣ ትንሽ እቆያለሁ፣ ሳስነሣው እንዳልነበረ ሆኖ ይነሣል። ዳንግላ ላይ የአማቴ ቤት ከዋናው መንገድ ብዙም አይርቅም፤ ካጠፋሁት እንደገና አይነሣልኝም ብዬ ስለፈራሁ ሳልገባ አለፍኩ።

ሰፈር ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ከበበኝ። ባለቤቴ ከሱቋ ወጣችና ሞተሩን ሳይሆን ሁለቱን ሣጥኖች ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ «እንኳን በደኅና ገባህ» ብላ ተመልሳ ገባች።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜዬ ሁሉ ጋራዥ ሆነ። መካኒኩ ባጃጅና ትንንሽ ሞተር የሚሠራ፣ ቁጥብ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው። ገና ሲያየው «መምህር፣ ይኼን የሚያህል ሞተር ከፍቼ አላውቅም፤ ካላፈሩብኝ እየተማርኩ እሠራልዎታለሁ» አለኝ። ይኼን አነጋገሩን ወደድኩት። የጭቃውን አመል በመጀመሪያው ቀን አገኘው። መቆሚያ እግሩ ሥር አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች፤ እግሩ ሳይታጠፍ ሰው እንዳይነዳ የተደረገች ናት። ጭቃ ሲገባባት እግሩ የታጠፈ አይመስላትም፣ ሞተሩን ታጠፋዋለች። በቤንዚን አጠባትና ከአሮጌ ጎማ በቆረጠው ላስቲክ ሸፈናት።

ድካሙን ግን ሊያገኘው አልቻለም። ካንዴላ ቀየረ፣ ካርቡራተሩን ፈታትቶ አጠበ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ፈተሸ። ጋራዡ ውስጥ ቆሞ ሲሠራ ግማሽ ሰዓት ምንም አይለውም። ከተማውን ቢያዞሩትም ምንም አይለውም። እኔ ወደ ዳንግላ መንገድ ይዤው ስወጣ መሐል ላይ ካለችው ከአዲስ ቅዳም ከተማ ሳይደርስ ይቆማል። የሚገርመው ሰልባትዮው ሙሉ ሲሆን ቶሎ ይቆማል፤ ሲጎድል ትንሽ ራቅ ይላል። ቤንዚን በስንት ወረፋ አግኝቼ ስሞላው እንደ መስነፍ ያደርገዋል። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ‹ጥጋበኛው› አሉት። አንዱ ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል አለ፤ ሌላው ብርዱ ነው፣ ደጋ አልተስማማውም አለ። ባለቤቴ ከጋራዥ ስመለስ ሳሙናና ሙቅ ውሃ ታቀርብልኛለች። ስለ ሞተሩ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃኝ አታውቅም።

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አማቴ ጭቃ አዳልጧቸው ወደቁ የሚል ስልክ ከዳንግላ ተደወለልን። ባለቤቴ ወዲያው ነጠላዋን አጣፍታ መናኸሪያ ሄደች። ሚኒባሶቹ ነዳጅ ወረፋ ላይ ነበሩ። ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቃ ተመለሰች፣ ግቢው ውስጥ ሞተሩ አጠገብ ቆመችና «ውሰደኝ» አለችኝ።

ከሁለት ቀን በፊት ሰልባትዮውን እስከ አፉ ሞልቼው ስለነበር የት እንደሚቆም በልቤ አውቀዋለሁ። መንገድ ላይ እንደሚያዋርደኝ ነገርኳት።

«ሲቆም እንቆማለን» አለች። ለእናቷ የያዘችውን ጥቅል በግራው ሣጥን ከታ፣ ሄልሜቱን አጥልቃ፣ ከኋላዬ ወጣች። እኔን አልያዘችም፤ የሣጥኖቹን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀመጠች።

ሞተሩ የተለመደው ቦታው ላይ ቆመ። መንገዱ ዳር ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለበት፣ የከሰል ጆንያ የተደረደረበት ቦታ ነው። ካፊያው ጀምሯል። ወርጄ እንደ ልማዴ ክዳኑን ከፈትኩ፤ ቤንዚኑ ከአፉ ብዙም አልጎደለም። ባለቤቴ ጃንጥላዋን ዘርግታ ከራሴ በላይ ያዘችልኝ፤ የራሷ ትከሻ ዝናብ ላይ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ስለ ካንዴላና ስለ ካርቡራተር ልነግራት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ክዳኑን ስትከፍት አየር ሳበ» አለች። «እስስ አለ። አልሰማኸውም?»

በእርግጥ ሁልጊዜ ይል ነበር። የቤንዚን ትነት ነው ብዬ ንቄው ነው።

«እኔ አዲስ ጀሪካን ዘይት ስቀዳ ምን አደርጋለሁ?» ስትል ጠየቀችኝ።

አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት አይቻታለሁ። አዲስ ጀሪካን ሲዘነበል ዘይቱ እየተናነቀ፣ ጉልክ ጉልክ እያለ ነው የሚወርደው። እሷ ከላይ በኩል በምስማር ትንሽ ቀዳዳ ትበሳለታለች፤ አየር ሲያገኝ እንደ ክር ይወርዳል። ዘይቱ በወጣበት ልክ አየር መግባት አለበት። እዚህም ያው ነው፤ ሞተሩ ቤንዚኑን ሲጠጣ በቦታው የሚገባ አየር ስለሌለ ሰልባትዮው ቤንዚኑን ይዞ ያስቀረዋል። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ሳላውቀው እያዳንኩት ኖሬያለሁ። እረፍቱ አልነበረም። ሙሉ ሲሆንም ውስጡ ያለው አየር ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቅበታል፤ ጋራዥ ቆሞ ሲሠራ ግን የሚጠጣው ጥቂት ስለሆነ አይታወቅበትም።

እኔ በየዓመቱ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የአየር ግፊት አስተምራለሁ። ነፋስ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚነፍስ ለተማሪ ፈተና አወጣለሁ። ይኼን አሰብኩና ሳቄ መጣ፤ እሷም የምስቅበትን ሳልነግራት ገብቷት ሳቀች። አብረን ከሳቅን ስንት ጊዜ እንደሆነን አላስታውስም።

ክዳኑን ሳናጠብቀው ገጥመን ዝናብ እንዳይገባበት በፌስታል ሸፍነን አሰርነው። አዲስ ቅዳም ደረስን። አለፍነው። በየመታጠፊያው አሁን ይንተባተባል እያልኩ ጆሮዬን ብተክልም ዝም ብሎ ሄደ። ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ካፊያው ሲያባራ ዳር ይዤ ሞተሩን ራሴ አጠፋሁት። በርዷት እንደሆነ ልጠይቃት ነበር።

አልበረዳትም። ሄልሜቷን አወለቀችና «ሣጥኖቹን ሳይ ሻንጣ ነው የመሰሉኝ» አለች። «ልጆቹ ሄዱ፤ አሁን ደግሞ እሱ ሊሄድ ነው አልኩ።»

«ወዴት እሄዳለሁ?»

«እኔ ምን አውቄ። አልነገርከኝ።»

እውነቱን ነገርኳት። የትም ልሄድ አላሰብኩም፤ ግን የቤቱ ዝምታ አስፈርቶኝ ከሱ መሸሻ የሚሆን ነገር ስፈልግ ነው ይኼን ያገኘሁት አልኳት።

እጇን ሣጥኑ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። «እኔስ ሱቁን እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት የማልዘጋው ለምን ይመስልሃል?» አለች። «ከአንድ ሰዓት በኋላ እኮ ገበያተኛ አይመጣም።»

ስንነሣ የሣጥኑን ጠርዝ ትታ ወገቤን ያዘች።

አማቴ ዳሌያቸው በልዞ ተኝተዋል፤ አጥንታቸው ግን ደኅና ነበር። ከልጃቸው ጋር በአገውኛ ጥቂት ካወሩ በኋላ ወደኔ ዞረው በአማርኛ «ባለፈው በደጄ አልፈሃል አሉ» አሉኝ። ጎረቤት አይቶ ነግሯቸው ኖሯል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፤ ካጠፋሁት አይነሣልኝም ብዬ ፈርቼ ነው።»

ደግፈናቸው በር ድረስ ወጡና ሞተሩን አዩት። «ስንት ሰው ይጭናል?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሁለት።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ብቻህን የዞርክበት ምን ሆነህ ነው?»

ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስትስቅ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

እዚያው ግቢ ውስጥ ክዳኑን ገልብጠን አየነው። ከውስጥ በኩል ዙሪያውን የያዘው ጎማ በማጣበቂያ ተለጥፏል፤ ማጣበቂያው ፈስሶ መሐል ያለችውን መተንፈሻ ቀዳዳ ደፍኗታል። ባለቤቴ ከእናቷ የተዋሰችውን ቀጭን መርፌ አስገብታ ቀስ እያለች ቆፈረችው። ጥቂት ቆይቶ ምስር የምታህል የደረቀች ማጣበቂያ መዳፏ ላይ ወደቀች። ክዳኑን ወደ አፏ አስጠግታ እፍ አለችበት፤ አየሩ በሌላኛው በኩል ወጥቶ ጉንጬን ነካኝ።

ማታ ወደ ሻጩ ደወልኩ። ልወቅሰው አልነበረም፤ ማወቅ የሚፈልግ መስሎኝ ነው። ነገሩን ስነግረው አመነልኝ። የመንገድ አቧራ ወደ ሰልባትዮው እንዳይገባበት ብሎ ክዳኑን የለጠፈው እሱ ራሱ ነበር። «ልጠብቀው ብዬ አንቄው ኖሬያለሁ በለኛ» አለ። ድምፁ ስላሳዘነኝ አሁን ምን ያህል ደኅና እንደሚሄድ አስረዝሜ ነገርኩት፤ አንድ ቀን መጥቶ እንዲነዳውም ጋበዝኩት። መካኒኩ ደግሞ ሲሰማ ባለቤቴን በአካል መጥቶ አመሰገናት፤ በዚያው ሳሙና ገዝቶ ሄደ።

ሞተሩ ሌላ አመሉን አልተወም። ጭቃ ሲበዛ ላስቲኩን አልፎ ያቺን ማብሪያ ያገኛታል። የቤንዚን ቆጣሪውም እንደሞተ ነው፤ ባለቤቴ በቀርከሃ ዘንግ ላይ ምልክት አውጥታ በዘንጉ ትለካለች። አማቴን በየሁለት ሳምንቱ እናያቸዋለን፤ በገበያዋ ቀን ግምጃ ቤት ከተማ ድረስ ድንች ለመግዛት ወጥተን እናውቃለን፣ ድንቹ እዚያም እዚህም ያው ቢሆንም።

ባለፈው ጥር ወደ ዘንገና ሐይቅ ወርደን ሳለ «አስነዳኝ» አለችኝ። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ከላሞች በቀር የሚያየን አልነበረም። ፍሪሲዮኑን እንዴት እንደምትለቅ አሳየኋት፣ አጠገቧ እየሮጥኩ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ያህል ነዳችው፣ ከዚያ ፍሬኑን ስትይዝ በግራ በኩል ቀስ ብሎ ተጋደመ። እሷ ዘላ ወረደች። ለሁለታችን ከበደንና ራቅ ካለ እርሻቸው ሁለት ሰዎች መጥተው አነሡልን። የግራው የኋላ ማሳያ መስታወት ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ፊቷ ሁለት ሆኖ ታያት መሰለኝ፣ ጎንበስ ብላ ፀጉሯን አስተካከለችበት፤ ከዚያ «አሁን ደግሞ በቀኝ በኩል ጥዬ ልሞክረው» አለችና ተመልሳ ሞተሩ ላይ ወጣች።