ለጓደኛዬ የሰጠኋት የይለፍ ቃል

ሰው ወደ ሸኖ የሚሄደው ለቅቤ ነበር። እኛ የሙያ ፈቃድ ፈተናችንን በጠበቅንበት ዓመት ግን ሸኖ የምንሄደው ለኔትወርክ ነው። በእኛ በኩል የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ነበር። ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ተነስተን፣ ጫጫን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የተሳፋሪው ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጮህ ይጀምራል። የሳምንት መልእክት፣ የሳምንት መርዶ፣ የሳምንት ወሬ እዚያች ቦታ ላይ ይደርሳል። ሹፌሩ ሳይቀር ፍጥነቱን ቀንሶ ስልኩን ያያል። እኔ ስልኬን ደረቴ ላይ ለጥፌ ነው የማነበው፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሚፈልግ በምን አውቃለሁ?

እንዲህ ነኝ፤ ጠርጣራ ነኝ። ጎረቤላ እናቴ ቤት ያደገ ሰው ሌላ ዓይነት ሊሆን አይችልም እያልኩ ነው ራሴን የማጽናናው። እናቴ የቆለፈችውን በር ተመልሳ ትገፋዋለች። ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን ሌላ ፋርማሲ ወስዳ «ይኼ ምንድን ነው?» ብላ ሳታውቅ እንደመጣች ሰው ትጠይቃለች። ስድስት ዓመት ከምናምን ሕክምና ተምሬ፣ የተግባር ልምምዱን ጨርሼ ቤት ስገባ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» እያለ ሲስመኝ እሷ ብቻ ጥግ ይዛ ቆየችና «ማህተም ያለበት ፈቃድ አለሽ?» አለችኝ። አልነበረኝም። ፈተናው ይቀረኝ ነበር።

ለፈተናው የማነበው ከጓደኛዬ ጋር ነው። አልዩ አምባ የተወለደች የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ እኔ ከአፋፉ ላይ፣ እሷ ከአፋፉ ሥር። ዩኒቨርሲቲ እንደገባን «የአንኮበር ልጆች» ተብለን ተገናኘን፣ ከዚያ በኋላ አልተለያየንም። ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን ሁለት ፍራሽና አንድ ጠረጴዛ ይዘን ገባን። ቆላ ስላደገች ብርዱ አልቻላትም፤ ሁለት ጋቢ ደርባ፣ በላዩ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ታነባለች።

«ሬሳ ክፍል የምትሠሪ ትመስያለሽ» እላታለሁ።

«ወላሂ እዚያ ይሻላል፤ እዚያ እንኳ ብርዱ ለሥራ ነው» ትለኛለች።

ሰው ማመን ለእሷ ምንም አይደለም። አውቶቡስ መናኸሪያ የማታውቀውን ሰው «ሻንጣዬን አንዴ ያዝልኝ» ብላ ውኃ ልትገዛ ትሄዳለች። እሷ እስክትመለስ ሻንጣውን የያዘውን ሰውዬ የምጠብቀው እኔ ነኝ።

ከተማው ውስጥ መስመር ያለው አንድ ኢንተርኔት ቤት ነበር። ባለቤቱ የሁሉንም ሰው ፎርም እሱ ራሱ ነው የሚሞላው፤ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ደብተር አለው፣ ወረፋ የያዘ ሁሉ ስሙንና የይለፍ ቃሉን እዚያ ላይ ይጽፋል። የሐኪሙም፣ የነርሱም፣ ፓስፖርት የሚያወጣውም አንድ ገጽ ላይ ተደርድሯል። ጓደኛዬ እስክሪብቶውን ስታነሳ ክንዷን ይዤ አወጣኋት። ሸኖ መመላለስ የጀመርነው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው፣ በእኔ ምክንያት ማለት ነው።

ሁለታችንም ከሄድን የሁለት ሰው ንባብ ይባክናል ብለን ማክሰኞ ማክሰኞ ተራ ገባን። ተራዋ የደረሰ ሄዳ ምዝገባው ተከፍቶ እንደሆነ ታያለች፤ ከተከፈተ የሁለታችንንም ጨርሳ ትመጣለች። አካውንት አስቀድመን ከፍተናል። የዲግሪ ማስረጃ፣ የልምምድ ማጠናቀቂያ ደብዳቤ፣ መታወቂያ፣ ጀርባው ነጭ የሆነ ፎቶ፣ ሁሉም ገብቷል። የቀረው ምዝገባው ሲከፈት ገብቶ የመፈተኛ ቦታ መርጦ መላክ ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ አንዷ የሌላዋን የይለፍ ቃል ማወቅ አለባት።

እሷ የራሷን በመጀመሪያው ሰኞ ነገረችኝ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ጮክ ብላ። የእናቷ ስምና የተወለደችበት ዓመት ነበር። በማግስቱ ሸኖ ሄድኩ፤ ምዝገባው አልተከፈተም። ቢሆንም የእሷ አካውንት ውስጥ ገባሁ። ያልነገረችኝ ነገር ይኖራል ብዬ ነው። ምንም አልነበረም፤ ጉርድ ፎቶዋ ብቻ ፈገግ ብሎ አየኝ። አፍሬ ወጣሁና ለእሷ ሳልነግራት ቀረሁ።

ነገሩ የከፋው ልምምድ ላይ ያስተማሩን አንድ አንጋፋ ሐኪም ከጠሩን በኋላ ነው። ከተማው ውስጥ ክሊኒክ አላቸው። «ያለኝ አንድ ቦታ ነው» አሉን። «ሁለታችሁንም እወዳችኋለሁ፣ መምረጥ አልችልም። ፈቃዷን ቀድማ ያመጣች ትግባ።» እሳቸውም ሳቁ፣ ጓደኛዬም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሐኪም ተመርቆ ቤቱ የሚቀመጥበት ጊዜ ነው። ይህ ዙር ካለፈኝ ቦታው የእሷ ነው፤ እኔ ጎረቤላ ገብቼ እናቴ ማህተሙን ስትጠይቀኝ ልኖር ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛዬን እንደ በሽተኛ እከታተላት ጀመር። ስልክ ሲደወልላት ለምን ወደ ውጭ ትወጣለች? ከሸኖ ስትመለስ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስልኳ ላይ የምትስቀው ምን አግኝታ ነው? ፈተናው ወጥቷል፣ በቴሌግራም ይሸጣል የሚባል ወሬ ነበር፤ ገዝታ ቢሆንስ? አንድ ቀን ሽንት ቤት ስትሄድ ትራሷን አንስቼ አየሁ። አንድ ላስቲክ ዳቦ ቆሎ አገኘሁ። እሱንም ለምን ደበቀችኝ ብዬ ተናደድኩ።

«ስልክ ለማናገር ለምን ትወጫለሽ?» አልኳት ቆይቼ።

«እያነበብሽ እንዳልረብሽሽ ነዋ!»

አላመንኳትም። መልሱ በጣም ቀላል ሆነብኝ።

ሁለተኛው ማክሰኞ የእሷ ተራ ነበር፤ «ከተከፈተ ትደውይልኛለሽ» ብዬ የይለፍ ቃሌን ሳልሰጣት አለፍኩት። ሦስተኛው የእኔ ነበር። በአራተኛው ሰኞ ግን መጽሐፏን ዘግታ «እስቲ ፓስወርድሽን ስጪኝ» አለችኝ። «በዚህ ሳምንት ይከፈታል እያሉ ነው። ኔትወርኩ ሲመጣ ላገኝሽ ባልችል እንዳይበላሽብን።»

ወረቀት ቀድጄ ጻፍኩላት። የመጨረሻው ቁጥር አራት ነው፤ ሰባት አደረግኩት። ምን እንዳታደርገኝ ነው ትሉኝ ይሆናል። የመፈተኛ ቦታዬን ሩቅ አገር ታደርግብኛለች፣ ወይም ተመዘገብሽ ብላ ሳትመዘግበኝ ትቀራለች፣ እንዲህ ያለውን ሁሉ አስቤያለሁ። ከተከፈተ በማግስቱ ራሴ ሄጄ እመዘገባለሁ፤ ምዝገባ በአንድ ቀን አይዘጋም ብዬ ተረጋጋሁ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ደወለች። ድምፅ የትም ይሠራል፤ የተዘጋው ዳታው ነው።

«ተከፍቷል!» አለችኝ። ከኋላዋ ረዳት እየጮኸ ተሳፋሪ ይጠራል። «ከተከፈተ ቀናት ሆኖታል፣ እኛ ነን ያልሰማነው። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል ይላል። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስለሆነ ያንቺ ይቅደም ብዬ ባንቺ ጀመርኩ፤ ፓስወርዱ ግን እምቢ አለኝ።»

እዚህ ላይ ነው ጭራሽ የጠረጠርኩት። የሰው አስቀድሞ የራሱን የሚያቆይ ማን ነው? ደግሞስ ምዝገባ ተከፍቶ ቀናት ሲቆጠሩ ከተማው ውስጥ ያለ ሐኪም ሁሉ እንዴት አይሰማም? የከተማው ሐኪም ሁሉ እንደ እኔው ኔትወርክ እንዳልነበረው፣ የኢንተርኔት ቤቱም መስመር በዚያ ሳምንት እንደተቋረጠ በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም።

«እስቲ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ እጽፈዋለሁ» አለችኝ።

ያንኑ ውሸት ደገምኩላት፤ ፊደል በፊደል፣ ቁጥር በቁጥር፣ እስከ ሰባቷ ድረስ። አንድም ስላላመንኳት ነው፤ አንድም ትክክለኛውን ብነግራት ትናንት መዋሸቴን ማመኔ ነው።

«እሱኑ ነው እኮ ያስገባሁት።»

«እንግዲያው ኔትወርኩ ነው። የእኔን ተዪውና የራስሽን ጨርሺ። ነገ እኔ እሄዳለሁ።»

«ምን ነገ አለ? ዛሬ ነው የሚዘጋው እልሻለሁ!»

«ታዲያ ምን ያስጮህሻል?» አልኩና ዘጋሁባት።

አራት ጊዜ ደጋግማ ደወለች፣ አላነሳሁም። ቆይቶ አጭር መልእክት ገባ፦ «ብዙ ጊዜ ስለሞከርኩ አካውንትሽ ተቆለፈ። የእኔ ገብቷል። አፉ በይኝ።» አንብቤው ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩና ንባቤን ቀጠልኩ። ስለ እርግዝና ደም ግፊት ነበር የማነበው፤ ገጹን ሦስት ጊዜ ብደግመውም አልገባኝም።

ረቡዕ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሸኖ ሄድኩ። ጫጫን አልፈን ስልኮቹ ሲጮሁ የእኔም ጮኸ። ገጹን ከፈትኩ፤ ምዝገባው ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘግቷል። ጓደኛዬ አንዲት ቃል አልጨመረችም፣ አንዲት ቃል አልቀነሰችም። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን እንደነበር ልንገራችሁ፦ አካውንቴን ሆን ብላ ቆልፋው ቢሆንስ? ያን ጊዜም ነበር የጠረጠርኳት። ሸኖ ወርጄ የመመለሻውን መኪና ስጠብቅ ግን ሰባቷ ቁጥር ፊቴ ላይ ድቅን አለች፤ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ስመለስ ጓደኛዬ በር ላይ ቆማ ነበር። «ተዘግቷል» አልኳት። ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ጣቴ ደንዝዞ አንዷን ቁጥር እየተሳሳትኩ ነው ያስገባሁት። ወላሂ እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ።»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። በሩ ላይ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ ነበር። እኔ ግን አቀፍኳትና «አይዞሽ፣ ሰው ይሳሳታል» አልኳት። ይቅርም አልኳት። በሕይወቴ ካደረግኩት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፤ ከሰባቷ ቁጥር ይልቅ ይህ ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ እሷ ለፈተናው ስታነብ እኔ ጠያቂ ሆንኩ። «የሠላሳ አራት ሳምንት ነፍሰ ጡር፣ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፤ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» እላታለሁ። ትመልስና ወዲያው ታቀረቅራለች፤ በራሷ መመዝገብ እንኳ ለመደሰት ያፈረች ትመስል ነበር። ተፈተነች፣ አለፈች። ፈቃዷ የመጣ ቀን ክሊኒኩ ሄዳ ተመለሰችና ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከት ጀመር።

«እንዴት ነው፣ መቼ ትጀምሪያለሽ?» አልኳት።

«አልጀምርም። ቦታውን እስከሚቀጥለው ዙር እንዲያቆዩልሽ ለምኛቸው እሺ ብለውኛል። እኔ ቆላ ጤና ጣቢያ ሐኪም ይፈልጋሉ፣ እዚያ እሄዳለሁ።»

«አብደሻል?»

«በእኔ ጥፋት ነው የቀረሽው። ያንቺን ሐቅ ይዤ መሥራት አልችልም።»

መቼም አመል ነውና ምን ፈልጋ ይሆን ብዬ ለአፍታ አየኋት። ቆላ ከአባቷ ቤት አጠገብ ስለሆነ ይሆን? ደመወዙ ይሻል ይሆን? ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ዝም ብል ቦታው የእኔ ነው፤ ማንም አያውቅም።

«አልተሳሳትሽም» አልኳት። «ቁጥሩን አሳስቼ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። አውቄ ነው።»

መጀመሪያ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋ ቆመ።

«በስልክ የደገምሽልኝስ?»

«እሱም።»

«ለምን?»

«ስላላመንኩሽ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። በመጀመሪያው ማክሰኞም አካውንትሽ ውስጥ ገብቼ ነበር። ትራስሽንም ፈትሻለሁ።»

ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትጮሃለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን «እንግዲያው ክሊኒኩን እኔ እገባበታለሁ» አለች።

«ግቢ» አልኳት ከልቤ። ከተሸከምኩት ነገር ያረፍኩ መሰለኝ። በዚህ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

«አራተኛ ዓመት ሳለን» አለች ቀስ ብላ፣ «አባቴ የገዛልኝ ስቴቶስኮፕ ጠፍቶብኝ ነበር። አንቺ ነበርሽ?»

«ማርያምን አልወሰድኩም!» ብዬ ተነሳሁ። «አብሬሽ ፈለግኩ እኮ! የሕፃናት ክፍሉን፣ የነርሶቹን መሳቢያ፣ የልብስ ማጠቢያውን ሁሉ አብሬሽ ፈተሽኩ። አታስታውሺም?»

«አስታውሳለሁ። እሺ።»

እውነት ነበር፤ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። ደግሜ ነገርኳት፤ በየት በኩል እንደሄድን፣ ማንን እንደጠየቅን፣ እሷ ስታለቅስ ምን እንዳልኳት። ብዙ ባወራሁ ቁጥር የራሴ ድምፅ ለራሴ የውሸታም ድምፅ ሆነብኝ።

«እሺ አልኩሽ እኮ» አለችና ዓይኔን ሳታይ ልብሷን ማጣጠፍ ቀጠለች።