የጋሽ ራዶይ የበጋ መጽሐፍ

የጋሽ ራዶይን መሞት ያወቅሁት ዳቦ ቤቱ በር ላይ ነው። ከስፌት ፋብሪካው ወጥቼ ዳቦ ልገዛ ስጠጋ ፎቶአቸው የሞት ወረቀት በሚለጠፍበት ቦታ ከሌሎቹ ሟቾች ጎን ተለጥፏል። ክራባት አስረዋል። ዙሪያው ጥቁር መስመር ነው፣ ስማቸውም በትልቁ ተጽፏል፤ ራዶይ ካሜኖቭ። ከስሙ በታች ያለውን አላነበብኩም። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ከስሙ በታች ያለውን ማንም አያነብም፤ ሁሌም ያው ነው።

ግራ የገባኝ ጠዋት ሲያስሉ ሰምቼ ስለነበር ነው። የእሳቸውን ቤት ከእኔ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ሲያስሉም፣ ወንበር ሲጎትቱም ይሰማኛል። ቢሆንም ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ባለው ጊዜ ሊሞት ይችላል፤ ስንቱን አይቻለሁ። ዳቦዬን ገዝቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

ጋሽ ራዶይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የባቡር ማቋረጫ ጠባቂ ነበሩ። ባቡር ሲመጣ አግዳሚውን ያወርዳሉ፣ ሲያልፍ ያነሳሉ፣ በመሃል ያነባሉ። የሚያነቡትን መርጠው ግን አያውቁም። የምትመርጥላቸው ሚስታቸው ዝላትካ ነበረች። በጋ በመጣ ቁጥር ቤተ መጻሕፍት ሄዳ ታገላብጣለች፣ አንዱን ራሷ ታነበዋለች፣ ከዚያ "ይሄ ላንተ ይሆናል" ብላ ትሰጣቸዋለች። እሷ ካረፈች ወዲህ በጋ በገባ ቁጥር ሰውየው ደረጃው ላይ እያስቆሙ "በዚህ ሙቀት ምን ባነብ ይሻለኛል?" ብለው ይጠይቁናል። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ መጽሐፍ ይዤ አላውቅም። "እኔን ነው የሚጠይቁት?" እላለሁ፣ እሳቸውም "ማንን ልጠይቅ?" ይላሉ።

ደረጃውን ስወጣ ከታች ፎቅ ያለችው ፔና በራቸው ላይ ቆማለች። በአንድ እጇ ንፍሮ በሳህን፣ በሌላው ጽጌረዳ ይዛለች። በሩ ላይም ያው ወረቀት ተለጥፏል።

"ቀብሩ መቼ ነው? ሰዓት አልጻፉም" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቄ። አሁን መግባቴ ነው።"

"ጎረቤት ሆነሽ እንዴት አታውቂም?"

"ጠዋት ሲያስሉ ነበር።"

"የመጨረሻው ሳል ነዋ" አለችና በሩን አንኳኳች። ከዘመድ ወገን ሰው ይኖራል ብላ ነው።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ራዶይ በውስጥ ካናቴራ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቆመዋል።

"ማንን ፈለጋችሁ?"

ፔና አፏ ተከፍቶ ቀረ። እሳቸው አበባውን በዓይናቸው ቆጠሩት።

"ስምንት ነው። አንቺ ሴትዮ፣ ጥንዱ ለሟች፣ ጎዶሎው ለቁም ሰው አይደል? ለእኔ ስምንት አበባ ይሰጣል?"

"ሞተዋል እኮ" አለች ፔና ቀስ ብላ፣ በሩን እያሳየቻቸው።

ዞረው አዩት። ፎቶአቸውን ትንሽ ካዩ በኋላ መነጽሩን አወረዱና ከታች ያለውን ጮክ ብለው አነበቡት፤ "ራዶይ ካሜኖቭ በዚህ በጋ ይህን መጽሐፍ እንድታነቡላቸው ይጠይቃሉ።" ከሥሩ የመጽሐፉ ስም አለ።

"ልክ ነው" አሉ። "እንዲህ ብዬ ነው ለኔቪያና የነገርኳት። ጥቁሩን ግን አላዘዝኩም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ ኔቪያና አንባቢዎቿ በየተራ፣ ከነፎቶአቸው፣ ለበጋ የሚሆን መጽሐፍ እንዲመክሩ አስባ የመጀመሪያውን ወረቀት ወደ ማተሚያ ቤት ላከችው። በከተማችን ያለው ማተሚያ ቤት የጌንኮ ብቻ ነው። ጌንኮ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ከሞት ወረቀት ሌላ አትሞ አያውቅም። ፎቶውን ከላይ፣ ስሙን በትልቁ አደረገና በጥቁር ከበበው። ከዚያ እንደ ልማዱ ዞሮ ለጠፈው፤ ዳቦ ቤቱ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው፣ የአደባባዩ ዛፍ፣ በመጨረሻም የሟቹ የራሱ በር። ኋላ ስንጠይቀው ምንም አልመሰለውም። "ሞተ የሚል የት አለ? አንብቡት" አለ። ጥቁሩስ ስንለው "ያለ መስመር ወረቀት ባዶ ይመስላል" አለ።

ያን ዕለት ግን በሩ ላይ ቆመን ቀረን።

"ንፍሮውን ምን ላድርገው?" አለች ፔና። "ስኳር ሁሉ ነስንሼበታለሁ።"

"ግቡና እንብላው።" ጋሽ ራዶይ ከአበባው አንዷን መዘዙና ለእኔ ሰጡኝ። "ሰባት ሆነ። አሁን ለእኔ ይሆናል።"

ገብተን በላን። ራኪያ የሚባለውን የፍሬ አረቄ ቀዱልን። ፔና እጇ ለምዶባት ለሟች ነፍስ ጠብ አደረገችና ደንግጣ ወለሉን በካልሲዋ አሸችው። ሐፍረቷን ለመሸፋፈን ብላ ይመስለኛል፣

"ለመሆኑ መጽሐፉ ጥሩ ነው?" ብላ ጠየቀች።

"አላውቅም" አሉ ጋሽ ራዶይ።

"አገር ያንብብልኝ ብለው እንዴት አያውቁም?"

"እስከ መሃሉ ነው ያነበብኩት። ፈረሱ እስኪሸጥ ድረስ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ዝላትካ ሞተች።"

ፔና ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሰውየው ግን እንደ ተራ ነገር ነገሩን። ዝላትካ መጽሐፍ ስትሰጣቸው የት ድረስ እንደሚያነቡም ትነግራቸው ነበር፤ እዚህ ድረስ አንብብና ና፣ እናወራለን፣ ከዚያ ትቀጥላለህ። የመጨረሻው መጽሐፍ ላይ ፈረሱ ገበያ ወጥቶ እስኪሸጥ አለቻቸው። አንብበው ሊነግሯት ሆስፒታል ሲደርሱ አልጋው ተነጥፎ አገኙት። መጽሐፉ እዚያው ገጽ ላይ እንደታጠፈ አለ።

"ታዲያ ያላነበቡትን ለምን ለሰው ይመክራሉ?" አልኩ።

"የጨረሰው ሰው ያን ገጽ ልለፈውና ልቀጥል ወይስ እዚያው ልተወው ይነግረኛል ብዬ ነው። ብቻዬን ማለፉ ከበደኝ።"

አልገባኝም። መጽሐፍ ነው፤ ከፈለግክ ትገልጠዋለህ፣ ካልፈለግክ ትዘጋዋለህ። ግን ሌሊቱንም እዚያው ነገር ላይ ነበርኩ፣ ለምን እንደሆነ እኔን አይጠይቁኝ።

ጌንኮ ወረቀቶቹን ቀደደ። ኔቪያና ቼሪ በከረጢት ይዛ ይቅርታ ልትጠይቅ መጣች። ጋሽ ራዶይ ቼሪውን አላዩትም።

"መጽሐፉን የወሰደ ሰው አለ?"

"አንድ ሰው ወስዷል። ጋሽ ሚንቾ።"

ጋሽ ራዶይ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ጋሽ ሚንቾ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው፤ ከጸደይ ጀምሮ ግን አይነጋገሩም። ጣውላ የሚሉትን የዳይስ ጨዋታ ሲጫወቱ ዳይሱ ከጠረጴዛ ወደቀ፤ አንዱ ይቆጠራል አለ፣ ሌላው አይቆጠርም አለ፣ በቃ። ጋሽ ሚንቾ በጋውን ከከተማ ውጪ ወይን እርሻቸው ላይ ባለች ጎጆ ነው የሚያሳልፉት። ከጋዜጣ የኳስ ወሬ ካልሆነ ሌላ ሲያነቡ ያያቸው የለም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ራዶይ ከሥራ ስመለስ ጠብቀው "ሚንቾን አየሽው?" ይሉኛል።

"ለምን እርስዎ አይሄዱም?"

"ሞቷል ብሎ እያዘነ ከሆነ ሲያየኝ ይደነግጣል። አለመሞቴን ሰምቶ ከሆነ ደግሞ ይስቅብኛል። የቱ እንደሆነ አላወቅሁም።"

እሁድ ቀን ደረጃውን ስወለውል ጋሽ ሚንቾ መጡ። በዚያ ሙቀት ጥቁር ሸሚዝ ለብሰዋል። መጽሐፉ ብብታቸው ውስጥ ነው።

"ስቶይና፣ ቤቱን የተረከበው ማን ነው?"

"የማንን ቤት?"

"የራዶይን ነዋ። ያዘዘኝን ፈጽሜያለሁ፣ ለዘመዶቹ ልንገራቸው ብዬ ነው።"

"ጋሽ ሚንቾ፣ እሳቸው እኮ አልሞቱም።"

እርጥቡ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። "አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አይቼዋለሁ" አሉ።

"የመጽሐፍ ወረቀት ነው።"

"ኑዛዜ መስሎኝ ነበር። 'ይጠይቃሉ' ይላል እኮ። ተኳርፈን ነው የሞተው ብዬ ቀብሩ ላይ ፊቴን ማሳየት አፈርኩ፤ ቢያንስ የጠየቀኝን ላድርግለት አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ወፍራም ነገር ጨርሼ አላውቅም።"

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ራዶይ ከውስጥ ሆነው ሲሰሙ ኖረዋል።

"ጨረስከው?"

ጋሽ ሚንቾ ቀና ብለው አዩአቸው። "አንተ ውሻ" አሉ። "እየበላህ እየጠጣህ ነው ይሄን ሁሉ ያስነበብከኝ?"

"ጨረስከው ወይ?"

"ጨረስኩት።"

"ከፈረሱ በኋላ ያለውን እንዳትነግረኝ።"

ጋሽ ሚንቾ ወደ እኔ ዞሩ። "ምንድን ነው የሚለው?"

"እስከዚያ ድረስ ነው ያነበቡት" አልኩ።

"ግማሹን አንብበህ ነው ለሰው የምትመክረው?"

"ልለፈው?" አሉ ጋሽ ራዶይ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። "ዝም ብለህ ይሄን ብቻ ንገረኝ። ልለፈው፣ ወይስ ልተወው?"

ጋሽ ሚንቾ መጽሐፉን ገለበጡት፣ ጀርባውን አዩ፣ መለሱት።

"እኔ እንጃ። አንዳንድ ቦታ ያስለቅሳል፣ አንዳንድ ቦታ እንቅልፍ ነው። ዝላትካ ይሄን ለምን እንደመረጠችልህ ራሱ አልገባኝም።"

"እኔም አልገባኝም።"

"እንግዲያው ሁለታችንም አናውቅም።" ጋሽ ሚንቾ የደረጃውን ድጋፍ ይዘው ተነሡ፤ ሱሪያቸው ከኋላ ረጥቧል። "አንብብ። እኔ እዚያ ሶፋህ ላይ እቀመጣለሁ።"

ገቡ። ከሙቀቱ የተነሳ በሩን አልዘጉትም። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

"የት ደረስክ?" ይላሉ ጋሽ ሚንቾ።

"ዝም በል።"

"አሮጊቷ ጋ ደረስክ?"

"የትኛዋ አሮጊት?"

"አልደረስክማ።"

የትኛዋ አሮጊት እንደሆነች እኔም ማወቅ አማረኝ፤ አልጠየቅሁም፣ ውሃዬን አፈሰስኩ። ስመለስ ጋሽ ሚንቾ ሶፋው ላይ ማንኮራፋት ጀምረዋል። ጋሽ ራዶይ መስኮቱ ጋ ጎንበስ ብለዋል። አንድ ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ፤ ከዚያ ምንም። ጨርቄን ይዤ ቆምኩ። ከቆይታ በኋላ ሌላ ገጽ ተገለጠ።