ሁለት ጉበት፣ አንድ ሎሚ

ባለፈው ሳምንት ከባልባላ ሰፈር ወደ መሃል ከተማ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ በላስቲክ የያዘችውን በረዶ እያወጣች ትቆረጥም ነበር። ስልክ ስታናግር ሰምቻት የአገሬ ልጅ መሆኗን አውቄያለሁ። ሐምሌ ቢሆን ዞር ብዬም አላያት፤ በሐምሌ ጅቡቲ ውስጥ በረዶ የማያምረው ማን አለ? አሁን ግን ጥር ነው። ለሌላው አገር ሙቀት የሆነውን እኛ "በረደን" እያልን ሹራብ የምንፈልግበት ወር። ያ የበረዶ ድምፅ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ወደነበርኩበት ቤት መለሰኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ከደሴ መጥቼ እዚሁ ጅቡቲ፣ ራስ ዲካ ሰፈር፣ አንድ ቤት ተቀጥሬ እዚያው አድር ነበር። እመቤቲቱ ፋዱማ ትባላለች፤ ሰዉ ሁሉ ግን ኤዶ ይላታል፣ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ የድሬ ነው። መጀመሪያ ቀን አንቱ ብላት ሳቀችብኝ። "አንቱ ምን ያደርግልኛል? አንቺ በይኝ፣ እንቀራረብ" አለች። ከዚያ ወዲህ አንቺ እያልኩ አከበርኳት። ቁጡ ነበረች፤ ሩዝ ካሳረርኩ ጎረቤት ይሰማል። ቂም የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባትም።

ያን ጥር ፍሪጁን እየከፈትኩ በረዶ መቆርጠም አመጣሁ። ውሃ ጠምቶኝ አይደለም፤ ጥርሴ ራሱ በረዶ ይለምነኛል። ልብስ ላሰጣ ሰገነት ስወጣ ልቤ ይደልቃል፣ ዓይኔ ይጨልማል። ኤዶ ሻሏን ተከናንባ ትታዘበኛለች። እኔ ስንቀጠቀጥ አንቺ በረዶ ትበያለሽ ስትለኝ ሳቅ ብዬ አልፋለሁ። ዓቢይ ጾም ገባ። ጾሜን የምጾመው በዳቦና በሻይ ነበር፤ ሲቀል ይሻላል ብዬ። አንድ ቀን ሰገነቱ ላይ ከነእርጥብ ልብሱ ተዘረርኩ። ስነቃ ኤዶ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቷ ስባ ውስጡን ታያለች። እንደ ተላጠ ነጭ ሽንኩርት ሆኗል አለች። "ነገ ደምሽ ይታያል።"

ከመውደቄ ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ። በዚያ ዘመን በእኛ በሠራተኞች መሃል የሚናፈስ ወሬ ነበር፤ ደሟ የታየ ልጅ ሻንጣዋን ታዘጋጅ ይባላል። ያ ክፉ በሽታ ተገኝቶብኝ ቢሆንስ? ባይሆንስ፣ የታመመች ሠራተኛ ማን ያስቀምጣል? አገር ቤት ሁለት ታናናሾቼ የሚማሩት በእኔ ነበር። ድኛለሁ ብዬ ማልኩ፣ ንጹሑን ወለል እንደገና ወለወልኩላት፤ አልሰማችኝም። በማግስቱ ጤና ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ እግሬ አልሄድም አለ።

"ኤዶ፣ ደሜን አይዩት። አገሬ ትልኪኛለሽ" አልኳት።

እጄን ይዛ ሳበችኝ። ገባችና ነርሷ ፊት ተቀምጣ ጣቷን ዘረጋች። "መጀመሪያ የእኔን" አለች። ቀለበት በሞላው እጇ ላይ ያቺ የደም ጠብታ ብቅ ስትል ሳይ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ነርሷ የአፋር ልጅ ነበረች፤ በፈረንሳይኛ ትናገራለች፣ ኤዶ ትተረጉማለች። ክፉው በሽታ አይደለም። ሄሞግሎቢን የሚሉት፣ ኦክስጅንን ለሰውነታችን የሚያመላልሰው የደም ክፍል፣ የእኔ በጣም አንሷል። በረዶ የሚያስቆረጥመኝም ይኸው ነው ተባልኩ። የኤዶም አንሷል። ሥጋ የማይጠፋበት ቤት እመቤት! ኤዶ መሣሪያሽ ተበላሽቷል ብላ ተከራከረች፣ እንደገና ተወጋች፣ ያው ሆነ። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ላሳክማት መጥቼ አብራ አሳመመችኝ ብላ። ልጅ በላይ በላዩ መውለዷ አንዱ ሰበብ ነበር፤ ሌላው ሻይ። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ያ የጠቆረ ሻይ፣ ምግቡ ውስጥ ያለውን አይረን፣ ደም የሚሠራውን ማዕድን፣ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል ተባልን። ዛሬ በሬዲዮ ደም ማነስ የዓለም ሁሉ ችግር ነው፣ ይበልጥም ሴቶችንና ሕፃናትን ይጎዳል ሲባል ስሰማ እነዚያ ሁለት ጣቶች ይታዩኛል። እስከዚያ ቀን ደም ማነስ የድሃ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ነርሷ ኪኒን ሰጥታን ጉበት ብሉ አለች። ጾም ነው አልኩ። ወደ ኤዶ ዞረች፣ አንቺ እዘዣት ለማለት መሰለኝ።

"ጾሙ የእሷና የጌታዋ ነው፣ እኔ መሃል አልገባም። ሌላ የሚበላ ንገሪን" አለች ኤዶ።

ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ አይረኑን ሰውነት እንዲወስደው ደግሞ ላዩ ላይ ሎሚ፣ አለች ነርሷ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤዶ ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ገበያ ራሷ እየወረደች በመኪና ከአገራችን የመጣውን ጎመን ታገላብጥ ጀመር። ምሳ ሲቀርብ የሻይ ፔርሙሱን ቁም ሳጥን ላይ ትሰቅለዋለች፤ ምግቡ ሳይረጋ ለእንግዳም አታወርድም። እንግዶቿ ጉድ አሉ፣ ስስታም ሆነች ብለውም አሟት። ከሻይ መለየት ለእሷ ቀላል እንዳልነበር እኔ አውቃለሁ፤ ዓይኗ ከቁም ሳጥኑ ላይ አይነቀልም። ለሚጠይቃት ሁሉ ግን "ደማችን እስኪመለስ ነው" ትል ነበር። ደማችን ነበር የምትለው።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ግቢው ውስጥ በግ ታስሮ አገኘሁ። ሙስሊም ያረደውን እንደማልበላ ታውቃለች፤ ስለዚህ አንድ የአገሬን ሰው፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ክርስቲያን መሆኑን ጠይቃ አስመጥታ አሳረደችልኝ። ከዚያ በግ ደግሞ እሷ አትበላም። ለራሷ ከሥጋ ቤት ሌላ ጉበት አስመጣች። በሁለት መጥበሻ፣ ማንኪያው እንዳይነካካ እየተጠነቀቅን ጠበስን። ከዚያ አንድ ሎሚ ለሁለት ቆርጣ ግማሹን በእኔ ሳህን፣ ግማሹን በራሷ ላይ ጨመቀች። "ብይ" አለችኝ። እያለቀስኩ በላሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ እስከ ዛሬ የለም። በረዶውን መቼ እንደተውኩት አላስታውስም፤ አንድ ቀን ብቻ ፍሪጁን ስከፍት ጥርሴ ምንም አልጠየቀኝም።

ኤዶ ከሞተች ቆየ። ጿሚ ብዙ አይቻለሁ፤ የሌላ ሰው ጾም እንዲህ የሚጠብቅ ግን ከእሷ በቀር አላየሁም። ውለታዋን ለማን እንደምመልስ ግራ ሲገባኝ ኖሬ ነው ያቺ ልጅ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው።

ዓይንሽን ልየው አልኳት። ደነገጠች፤ እናቷን የማክል ሴት ነኝና ግን ፈቀደች። የታችኛው ቆቡ ውስጥ ነጭ ነው። አብረን ጤና ጣቢያ እንሂድ ስላት ፊቷ ተለዋወጠ።

"እትዬ፣ ደሜ ከታየ ያባርሩኛል" አለች።

ያ ወሬ እስከ ዛሬ አልሞተም ማለት ነው። ክርክር አልገጠምኩም። መሃል ከተማ ስንደርስ እጇን ይዤ ወረድኩ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ የታመመችው ማን ናት ብላ ስትጠይቅ ልጅቷ ከኋላዬ ተሸጎጠች። ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩና ጣቴን ዘረጋሁ።

"መጀመሪያ የእኔን" አልኩ።