የሳሉ ቀጠሮ

አባቴ ከእኛ ጋር በአንድ ትሪ መብላት ያቆመው ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው። ሳህንና ብርጭቆውን ለይቶ፣ በሩ ጥግ ባለችው ወንበር ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ይበላ ጀመር። ምክንያቱ ሳሉ ነበር፤ ደረቅ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ሳል። ሳንባዬ ነው፣ እናንተን ይዤ አልሞትም አለን።

መጀመሪያ የሰንጋ ተራን የግንባታ አቧራ ረገምን። ከዚያ ዳማከሴ፣ ዝንጅብል በማር፣ ሽሮፕ፤ ምን ያልሞከርነው አለ! በመጨረሻ እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ራጅ ተነሣ፤ ሳንባው ንጹህ ነው ተባለ። እልል ልል ስል አባቴ ፊቴን አየ። አላመነም። ሠላሳ ዓመት ልደታ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራ፣ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚል ሰው ነው። ደግሞስ በምን ይመነን? በእኛ ቤት ክፉ ወሬ ለባለቤቱ አይነገርም። የገዛ እህቱ ስትሞት "ትንሽ አሟት ነው" እያልን ሳምንት ሙሉ መርዶውን የደበቅነው እኛው ነን። እና "ንጹህ ነህ" ስንለው መርዶ የተደበቀ መሰለው። ተናደድኩ፣ ጮህኩበትም። ያናደደኝ ግን እውነት ያለው መሆኑ ነው።

በግንቦት ልደታ ማግስት የግፊት ክኒኑ አለቀና አብነት ሰፈር ወዳለ አንድ መድኃኒት ቤት አብረን ሄድን። ፋርማሲስቷ ከእኔ የምታንስ፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ክኒኑን ልትሰጠው እጇን ስትዘረጋ አባቴ ሳለ። እጇን መለሰች። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም፤ ሰው ወረፋ ይዟል፣ ስጪንና እንሂድ አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝ።

ክኒኑን መቼ እንደጀመረ አባቴን ጠየቀችው። ወሩ ጠፋበት። ያን ጊዜ ያደረገችውን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ፤ ወሩን ትታ በበዓላቱ ገባችበት። ገና ሲውል ይወስድ ነበር? የለም። ለጥምቀትስ? ታቦት ሲሸኝ ራሱን አዞረውና በማግስቱ ታዘዘለት። ሳሉስ? ሁዳዴ ሊገባ ሲል ጀመረው። የሚላትን በካርቶን ቁራጭ ላይ እየጻፈች ቆየችና ወደ እሱ አዞረችው። ጥምቀት፣ ክኒን። ሁዳዴ፣ ሳል።

ይህ ክኒን ብዙውን ሰው ምንም እንደማይለው፣ አንዳንዱን ግን ደረቅ ሳል እንደሚያስይዝ አስረዳችው። የጎንዮሽ ጉዳት ነው፣ ሳንባ አይደለም፤ ቢሆንም በራሱ እንዳያቆመው፣ ሐኪሙ እንዲቀይርለት አስጠነቀቀችውና ለሐኪሙ ማስታወሻ ጻፈች። አባቴ ካርቶኑን እንደ መዝገብ ደጋግሞ አነበበው።

"ልጄ ናት እንዲህ በይው ያለችሽ?" አላት።

"ልጅዎን ዛሬ ገና ማየቴ ነው፣ አባባ። ክኒኑ ከተቀየረልዎት እስከ ሰኔ ሚካኤል ይለቅዎታል። ካልለቀቀዎት መጥተው እኔን ይውቀሱኝ።"

"ቀጠሮ ሰጠሽኝ ማለት ነው" አለና ካርቶኑን ኪሱ ከተተ።

ሐኪሙ ቀየረለት። ፋርማሲስቷ አዲሱን ክኒን ስትሰጠን፣ ይሄኛው ደግሞ እግር ሊያሳብጥ ስለሚችል ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቱን እንዲያይ፣ ካበጠም ለሐኪሙ እንዲናገር ነገረችው። በሳምንቱ አባቴ ጠራኝ። ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀለበት ሠርቷል። እኔ ደነገጥኩ፤ እሱ እቴ! እንደተሾመ ሰው ደስ ብሎት "ብላኝ ነበር እኮ" አለኝ። እብጠቱን ሐኪሙ አይቶ የክኒኑን መጠን ቀነሰለት። እኛ በወር ሙሉ ልመና ያላሳመንነውን ሰው፣ ያቺ ልጅ ባበጠ እግር አሳመነችው።

ሳሉ ከቀጠሮው በፊት ጠፋ። አባቴ ግን ቀኑ ካልደረሰ አልደረሰም ብሎ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። የሰኔ ሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሽሮ ቀረበ። ወንበሩን አንሥቶ መጣና በመካከላችን ተቀመጠ። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሰኝ።

"ከእንግዲህ ክፉም ይሁን ደግ አትደብቁኝ" አለ።

አፌ ሙሉ ነበር። እንባዬ እየወረደ ራሴን ነቀነቅኩለት።