ፏፏቴው የቆመበት ስፍራና የእኔ ምስክርነት

ዲላ ውስጥ ወንዙ ዳር የተሠራውን መናፈሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቼ ያየሁት እሑድ ቀን ይመስለኛል፤ ቅዳሜም ሊሆን ይችላል። የመግቢያውን ከፍዬ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ባለ ቀለም መብራት የተገጠመለት ፏፏቴ ከሙዚቃው ጋር ይነሣል፣ ይወድቃል። ከሩቅ አገር በጭነት መኪና የመጡ ዘንባባዎች ከብበውታል። ልጆች ልብሳቸው እስኪበሰብስ ይሯሯጡ ነበር፤ ደስታቸው እውነተኛ ስለ ነበር ነገሩ ከንቱ ነው ለማለት አልደፍርም። ሆኖም ከከተማው ጥቂት ወጣ ሲሉ እንሰቱ፣ ቡናውና ዋንዛው ተደራርቦ በሚበቅልበት አገር፣ ይህን ያህል ወጪ አውጥቶ አረንጓዴ ነገር ማሳየት ለማን እንደ ታሰበ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱን ለመፈለግም ደከመኝ።

ያደከመኝ ግን ፏፏቴው ብቻ አልነበረም። ዛሬ ፏፏቴው በቆመበት ስፍራ ቀደም ሲል አንዲት ሴት ችግኝ እያፈላች ትሸጥ ነበር። ከጨለለቅቱ ከተማ ሳይቀር በሞተር ብስክሌት እየመጡ ይገዟታል። ቦታው ለመናፈሻ ሲፈለግ የሥራው ኮሚቴ አንድ ቃል ገብቶላት ነበር፦ እዚያ ለረጅም ጊዜ መሥራቷን ሦስት ሽማግሌዎች ካረጋገጡላት፣ በመናፈሻው ጥግ ውሃ የሚደርሰው ምትክ ቦታ ይሰጣታል። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርሁ።

ሁለቱ ጓደኞቼ ያለ ማመንታት መስክረው ፈረሙ። ተራው የእኔ ሆነ።

«አባቴ፣ ከመቼ ጀምሮ ያውቋታል?» አለኝ ወጣቱ ጸሐፊ።

«ዓመቱን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም» አልሁ። «እዚያ ያየኋት ይመስለኛል። ነገር ግን ያየሁትን ይሁን የሰማሁትን የማስታውሰው፣ መለየት ያስቸግረኛል።»

«ኧረ መምህር!» አለ አንደኛው ጓደኛዬ በክርኑ እየጎሸመኝ። «ዛሬም ፈተና የምታርም መሰለህ እንዴ? ነበረች በልና እንሂድ፤ ፀሐዩ ፈጀን!»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ፈገግ ሳልል አልቀረሁም፤ ቃሌን ግን አላሻሻልሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን ያላረጋገጣችሁትን አትጻፉ ስል ኖሬአለሁና። ጸሐፊው «ሦስተኛው ምስክር አላረጋገጡም» ብሎ ጻፈ። ሴትዮዋ ምትክ ቦታውን ሳታገኝ ቀረች።

በዚያ እሑድ ወይም ቅዳሜ ያንን ጥግ ፈልጌ አየሁት። ሰዎች ፎቶግራፍ የሚነሡበት፣ በልብ ቅርጽ የተሠራ የፕላስቲክ አበባ ቆሞበታል። ከመናፈሻው ወጥቼ ሴትዮዋን ፍለጋ ሄድሁ። ከወንዙ ርቃ፣ ከአስፋልቱ ዳር አቧራ የለበሱ ችግኞቿን ደርድራ፣ በጀሪካን ተሸክማ ባመጣችው ውሃ ስታጠጣ አገኘኋት።

«መምህር፣ ችግኝ ፈልገው ነው?»

«አይደለም። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ዓመቱን ማስታወስ አቅቶኝ ነበር።»

«ዓመቱን? ዓመቱን እኔስ መቼ ዐውቄው!» ብላ ሳቀች። «የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ነበር የጀመርሁት፤ እሱን ነው የማውቀው። እርስዎ ግን ያን ጊዜ ከእኔ ሁለት የአቮካዶ ችግኝ ገዝተው አልነበር? እኔው ነኝ እኮ ቤትዎ ድረስ ያመጣሁት።»

ሁለቱም ዛፎች ግቢዬ ውስጥ ቆመዋል። ፍሬአቸውን ስንት ክረምት እንደ በላሁ አላውቅም። ሟች ባለቤቴ ከገበያ ያመጣቻቸው ይመስለኝ ነበር።

በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ወደ ጸሐፊው ሄድሁ። «ዓመቱን ዛሬም አላውቅም» አልሁት። «እዚያ ግን ነበረች። ማስረጃው ግቢዬ ውስጥ ነው፤ መጥታችሁ እዩት።»

«ፋይሉ ተዘግቷል፣ አባቴ» አለኝ በትሕትና። «ያን ጊዜ ቢሉን ኖሮ ጥሩ ነበር።»

ቃሌን በጽሑፍ አድርጌ ሰጠሁት፤ ተቀበለኝ። ምን እንዳደረገው አላውቅም።

ተመልሼ ለሴትዮዋ ነገርኋት። እጇን በቀሚሷ ጠራረገች።

«እሺ» አለች። «እንግዲህ ምን ይደረጋል። እስቲ ያንን ጀሪካን ያቀብሉኝ።»

አቀበልኋት። ከባድ ነበር።